ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር

«ወራጅ አለ!» አለች ዘመነች፣ ታክሲው ገና ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሳይደርስ።

ሾፌሩ በመስታወት አያት። «እናቴ፣ ፌርማታው እኮ ወደ ፊት ነው። እዚህ ጭቃ ነው።»

«ጭቃውን የምረግጠው እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ቸገረህ? አውርደኝ አልኩህ።»

ወረደች። ፌርማታው ለቤቷ ይቀርብ እንደነበር እሷም ታውቃለች፤ ግን ተቀምጦ መሄድ አቃታት። ታክሲው እየሮጠ የቆመ መሰላት። በገዛ እግሯ ካልሮጠች ልቧ የሚፈርጥ መሰላት።

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ ነበር። ታክሲ ግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ የሚጭንበት፣ ዘመድ ከዘመዱ በክርን ሰላም የሚባባልበት፣ ሬዲዮ በየቀኑ የታማሚ ቁጥር የሚያነብበት ክረምት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የዘመነች የልብስ ስፌት መኪና ዩኒፎርሙን ትቶ የአፍ መሸፈኛ ነበር የሚሰፋው። ያን ቀን ዓርብ፣ ላስቲክና አቡጀዲ ልትገዛ ወደ መርካቶ ወጥታ ጦር ኃይሎች ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ጎረቤቷ አየለች ነበረች።

«ዘሙዬ፣ ያቺ የቤቴሏ መጣች እኮ።»

«ዛሬ? ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? የሷ ቀን ማክሰኞና ሐሙስ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ! ያየሁትን ነው። በሩንም ገርበብ አድርገውታል። ለወሬ አይደለም፣ አንቺ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ዘመነች መርካቶን ተወችው። መንገዱን ተሻግራ በመጣችበት ተመለሰች።

ያቺ የቤቴሏ ማለት ሆሳዕና ናት። ቤቴል ካለ አንድ ክሊኒክ የምትሠራ፣ ስትሮክ የመታውን ሰው እጅና እግር የምታፍታታ ባለሙያ። ዘመነች ግን «ወጌሻዋ» እንጂ ሌላ ስም አልሰጠቻትም። ጴንጤ ናት፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ በር ስትገባ አንገቷን ዝቅ የምታደርግ ረጅም ሴት። የዘመነችን ባል፣ መሪጌታ ኃይለ መስቀልን፣ ማገዝ ከጀመረች ሦስተኛ ወሯ ነበር።

መሪጌታ በደኅናው ጊዜ የታወቁ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። አባታቸው ጎጃም ውስጥ ለፊታውራሪና ለደጃዝማች ብራና እየፋቁ ጽፈዋል። እሳቸውም አዲስ አበባ መጥተው ዳዊት ሲጽፉ፣ ክታብ ሲሠሩ ነው ያረጁት። በተለይ ሐረጋቸው! ሐረግ ያ በብራና ላይ እንደ ሹሩባ እየተገመደ የሚሳለው መስመር ነው፤ ከየት እንደ ተነሣ፣ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። የተጨነቀ ሰው ያንን በዐይኑ እየተከተለ ሲሄድ ሐሳቡ ይሰክናል ይባል ነበር። የባላምባራስ ባልቴት፣ የነጋዴ ሚስት፣ እንቅልፍ የራቃት ሙሽራ፣ ሁሉም ቀራንዮ ድረስ ትመጣ ነበር። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በሽተኛዋ ጫማዋን አውልቃ ጀርባዋን ለበሩ መቃን ሰጥታ ትቆማለች። መሪጌታ ክር ይዘው ከአናቷ እስከ ተረከዟ ይለኳታል። የክታቡ ርዝመት በዚያ ልክ ይሆናል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ሳይጠበቅ የሚቀር ቦታ እንዳይኖር።

ዘመነች ሃያ ሰባት ዓመት ያ ክር በሌላ ሴት አናት ላይ ሲያርፍ አየች። በእሷ አናት ላይ አንድ ቀን አላረፈም። ሁለተኛ ልጇን በቀበረች ጊዜ፣ እንቅልፍ አጥታ ግድግዳ ስትቧጥጥ ከርማ፣ ለመነቻቸው። «ለእኔም ይሥሩልኝ» አለች።

«ለቤቴ ሰው ሲሆን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አይሆንልኝም» አሏት።

መልሱ ይኸው ነበር። ዘመነች ደግማ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። ቂሙን ግን ልብስ ሰፊ መርፌዋን እንደምትሰካው አንገትጌዋ ላይ ሰክታ ኖረች፤ ዘወር ባለች ቁጥር ይወጋታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው በሽታው ቀኝ ጎናቸውን የመታቸው። አፋቸውም ተያዘ፤ ከ«እሺ»፣ ከ«እምቢ» እና ከ«ገና» በቀር ቃል አይወጣቸውም። ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ያገላበጠች ዘመነች ናት። በዚያች እጃቸው ማንኪያ ልታስይዛቸው ስትሞክር «እምቢ»። ሆሳዕናም መጥታ የላስቲክ ኳስ ብታስጨብጣቸው «እምቢ»። አንድ ቀን ግን ወጌሻዋ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ የመቃ ብርዕ አየችና ጣታቸው መሐል አስገባችው። ጣታቸው ጭብጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሌላ ሆነ፤ መዳፏን ከእጃቸው ሥር አድርጋ ሐረግ ማሳል። እሷም አብራ ተማረች። ኮሮና የገባ ሰሞን ማቆያ ውስጥ ስታስታምም ከርማ፣ ሁለት ሰው እጇ ላይ አርፎባት፣ እንቅልፍ አጥታ ነበር። «እትዬ፣ ይህን መስመር ስከተል ነው እኔ የምተኛው» አለቻት አንድ ቀን። ዘመነች በዚህም ቀናች። በእንቅልፍ ሳይቀር!

እንዲህ እንደ ነደደች ከአጥሩ በር ደረሰች። አየለች እዚያው ቆማለች። ጭምብሏ አገጯ ላይ ነው፤ ወሬ በጭምብል አይወራማ። በብብቷ የታጠፈ ጨርቅ ይዛለች።

«መጣሽ? በረርሽ እንዴ! እኔማ ቀሚስ ልትሰፊልኝ ብዬ ነው የቆምኩት።»

ዘመነች ጨርቁን ነጥቃ በክንዷ ለካችው። እጇ ሥራ ካላገኘ ትንፋሿ አይሰበሰብላትም። «ይኼ ያጥራል።»

«እንዴት ያጥራል? ልክ በቁመቴ ነው ያስቆረጥኩት!»

«በቁመትሽማ! ስፌት ይበላል። ስንቴ ልንገርሽ? ግጣሙ አለ፣ እጥፋቱ አለ። ጨምረሽ ግዢ።»

«አንቺ ደግሞ! ቤትሽ ሌላ ሴት ገብታ ስለ ስፌት ታስተምሪኛለሽ?» አየለች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ደብተራና ጴንጤ በአንድ ብርዕ! ይኸም አለ ለካ።»

«ሲሳሳቁ? መሪጌታ አይስቁም።»

«እንግዲያው ግድግዳው ስቆ ይሆናላ።»

ዘመነች ጨርቁን መለሰችላትና ገባች። በበሩ መቃን ላይ ያቺ የቀለም ነጥብ አለች። ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ናት፤ ካየቻት ሳምንቷ ነው። በሳሙና ፈትጋት አልለቀቀችም፤ የመሪጌታ ቀለም መቼ ይለቃል! «ወጌሻዋ ቤቴን አጨማለቀችው» ብላ ሰድባት ነበር። ነጥቧን ገላመጠቻትና በሩን ልትገፋ ስትል ከውስጥ ሳቅ ሰማች። ቅባት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል ሳቅ። የመሪጌታ ነው። ሁለት ዓመት ያልሰማችው ሳቅ!

በሩን በእግሯ ገፋችው።

መሪጌታ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ሆሳዕና ከጎናቸው ተንበርክካ መዳፏን ከእጃቸው ሥር ዘርግታለች። የመሪጌታ አፍንጫ ጫፍ ላይ ቀለም አለ፤ የሆሳዕና ጉንጭ ላይም አለ። ሆሳዕና ዘመነችን ስታይ ክው አለችና ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። የጣለችው በሥራው ላይ ነው። ዘመነች አየቻት።

«ዛሬ ማክሰኞ ሆነ እንዴ?»

«እትዬ ዘመነች! መርካቶ ይውላሉ ሲባል…»

«ማነው ያለሽ?»

ሆሳዕና መሪጌታን አየች። መሪጌታ መሬት አዩ።

«እህ! ሦስት ቃል ነው የቀራቸው ስል፣ እኔ አለመኖሬን የሚነግሩበት አራተኛ ቃል ኖሯል።»

«ገ…ና» አሉ መሪጌታ። «ገና፣ ገና።»

«ምኑ ነው ገና? መጨረሻው አይደለም ወይ ይኼ?»

«እትዬ፣ እባክዎ አይቆጡ» አለች ሆሳዕና ተነሥታ። ቤቱ ጠበበ። «የዛሬን እርምጃ ገና አልሄዱም፤ ላሂዳቸው፣ ከዚያ እነግርዎታለሁ። መሪጌታ፣ እንውጣ?»

«እሺ።»

ደግፋ አስነሣቻቸው። እስከ ግቢው ቧንቧ አሥር እርምጃ፣ መልስ አሥር እርምጃ ነው። «እሺ» አባባላቸው ለዘመነች እንደ ሌላ ሰው አባባል ሆነባት። እሷ «እንሂድ» ስትላቸው «እምቢ» ነው።

እንደ ወጡ ጋዋኑን አነሣችው።

ሦስት ጠባብ ብራናዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ቃል የለባቸውም። የመልአክ ስም የለም፣ ጸሎት የለም፤ ከላይ እስከ ታች ሐረግ ብቻ ነው። ጥቁሩ መስመር በቀዩ ሥር ይገባል፣ ዞሮ በላዩ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይቋጠራል፤ በየቋጠሮው መሐል አንዳንድ ዐይን ቁጭ ብሎ ያያል። እጁ እንደ ተንቀጠቀጠ ያስታውቃል። መስመሩ ነፋስ እንደ ነካው ውኃ ይርገበገባል፤ ግን አንድም ቦታ አልተቋረጠም። ዘመነች ሳታስበው ዐይኗ ተከተለው። የአንዱን ብራና ግማሽ እስክትሄድ ድረስ ትንፋሿ ሁሉ ቀዝቅዞ ነበር። ያን ጊዜ «ለማን ነው?» የሚለው ሐሳብ መጣባት።

የአንገቷን ሜትር አወጣች። አንዱ ብራና አምሳ ስምንት ሳንቲ። ሁለተኛው አምሳ ስምንት። ሦስተኛውም። ዘመነች ፊርማዋን እንጂ ጽሕፈት አልተማረችም፤ ቁጥር ግን ከእጇ አያመልጥም። አንድ ሜትር ከሰባ አራት። እሷ አንድ ከስድሳ ሁለት ናት። በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ከሰባ አራት የሚሆን ሰው ማነው? ሰው በዐይኗ ስትለካ ሠላሳ ዓመቷ ነው። መለካትም አላስፈለጋት፤ በሩ ራሱ የሚያስጎነብሳት አለች።

«ለእሷ ነዋ» አለች ብቻዋን። ድምፅዋ ቀጠነ። «በሦስት ወሯ። ለእሷማ እጃቸው ሞቶም ተነሣ።»

መቀሷን ከኪሷ አወጣች። መሐለኛውን ብራና አነሣችና መሐሉ ላይ ቆረጠችው። ብራና እንደ ጨርቅ አይታዘዝም፤ ጮኸ። ዐይኑ ላይ ነው መቀሱ ያረፈው፤ ለሁለት ተከፈለ።

ስትዞር በሩ ላይ ቆመዋል። መሪጌታ የሆሳዕናን ትከሻ ይዘዋል። የተቆረጠውን አዩ።

«ምን ያዩኛል? ሃያ ሰባት ዓመት!» አለች ዘመነች። «ለባላምባራስ ባልቴት ሠራህ፣ ለዶሮ ነጋዴዋ ሠራህ፣ ስማቸውን ለማታውቃቸው ሠራህ። እኔ ልጄን ቀብሬ ስለምንህ እጄ ይንቀጠቀጣል አልክ። አንተ ሰውዬ! ለዚች ሲሆን እንዴት ቀና?»

«አንተ» ማለቷን የሰማችው ካለችው በኋላ ነው። ከተጋቡ ወዲህ ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም። ራሷ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም።

መሪጌታ የሆሳዕናን ትከሻ ለቀቁ። ብቻቸውን አንድ እርምጃ ሄዱ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው መቃኑ ላይ ያለችውን ነጥብ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ዘመነችን አዩ፤ እንደገና ነጥቧን ነኩ።

«እትዬ» አለች ሆሳዕና፣ ዐይኗ ውኃ ሞልቶ። «እዚህ ጋ ይቁሙ።»

«አልቆምም!»

«ጫማዎን ያውልቁና ይቁሙ።»

«አልቆምም አልኩ። አንቺ ማነሽ በቤቴ የምታቆሚኝ?»

«ቁ…ሚ» አሉ መሪጌታ።

ይህ አራተኛ ቃል ነው። ዘመነች ቃሉን ሰማች፤ ያንን ቃል ሃያ ሰባት ዓመት ለሌሎች ሴቶች ሲባል ሰምታዋለች። ጫማቸውን አውልቀው፣ ጀርባቸውን ለመቃኑ ሰጥተው፣ ለቆሙት ሁሉ። ጭቃ የጠጣ ጫማዋን ወረወረችና ጀርባዋን ለእንጨቱ ሰጠች። ልትጨቃጨቅ ነው የቆመችው።

ሆሳዕና መዳፏን በአናቷ ላይ አጋደመችው። መዳፏ እስከ መቃኑ ሲዘልቅ ነጥቧን ገጠመ። ፀጉር አልበለጠም፣ ፀጉር አልጎደለም።

«ክር ጥለውብኝ አያውቁም» አለች ዘመነች፣ ወደ ፊት እያየች።

«ክር ምን ያደርግላቸዋል? በዚህ በር ሲገቡ ሲወጡ ዐይናቸው አናትዎ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ እርስዎ ጓዳ ሳሉ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች በጣታቸው እየጠቆሙ መሩኝና እዚህ ጋ ‹እሺ› አሉ። እኔ ነጥቡን አደረግሁ። እርስዎ በሳሙና ሲፈትጉት መሪጌታ ሳቃቸውን አፍነው ሊሞቱ ነበር። ዛሬም እሱን እያስታወስን ነው የሳቅነው።»

«ውሸት ነው። ለካሁት እኮ! አንድ ከሰባ አራት ነው። አሥራ ሁለቱ ሳንቲ የማነው? ያንቺ ነው!»

ሆሳዕና ግራ ገብቷት አየቻት። «አሥራ ሁለቱ? እትዬ፣ ሦስቱ ብራና ገና ተሰፍቶ ይገጣጠማል እኮ። ለሁለቱ ግጣም አራት አራት፣ ለራስጌና ለግርጌ እጥፋት ሁለት ሁለት። ስፌቱ…»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። ዘመነች የራሷን ድምፅ ከአጥሩ በር ሰማችው፤ ስንቴ ልንገርሽ የሚለውን። ሠላሳ ዓመት ሰው ሁሉ ላይ የጮኸችበትን ነገር ቅናት በአንድ ጊዜ ከጭንቅላቷ አጥቦ ወስዶት ነበር። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከመስኮቱ ውጭ አየለች ቆማ ኖሮ፣ «ይበላል!» ብላ በሳቅ ስትፈነዳ ተሰማ።

«አንቺ ሂጂ ከዚህ!» ብላ ጮኸችባት፤ ግን እንባዋ ቀደማት።

መሪጌታ ወንበራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ደካማ እጃቸውን አንሥተው አሳዩዋት። ይንቀጠቀጣል። ቃል እየፈለጉ ላብ አጠመቃቸው።

«ድ…ሮ» አሉ። «ላንቺ… ሲሆን። ይ…ንቀጠቀጥ።» ዐረፍ አሉ። «አሁን… ለ…ሁሉም።» ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ምን ላድርግ፣ ሰበቤ አለቀ እንደ ማለት።

ዘመነች እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እሷም አላወቀችውም። ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። «ወስፌውን አምጪ» አለቻት ሆሳዕናን፣ ይቅርታም ሳትል። «ጠፍሩንም። ስፌቱን ለእኔ ተዉት። እናንተ ሳሉ፤ መስፋት የኔ ነው።»

ሰፋችው። ሁለቱን ግጣም አጋጠመች፤ ራሷ የቆረጠችውንም አራት ሳንቲ ደርባ ያዘችው። ጠባሳው ግን አበጠ፤ የተከፈለው ዐይን አንዱ ጥግ ከአንዱ አልተገናኘም፤ መስመሩም እዚያ ጋ ተበጠሰ። መሪጌታ ብርዑን ይዘው ሞከሩት። እጃቸው እብጠቱ ላይ ሲደርስ ይዘላል። ሁለቴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ዘለለ። ሆሳዕና ልታግዝ መዳፏን ስትዘረጋ «እምቢ» አሉ። ብርዑን ወደ ዘመነች ዘረጉት።

«እኔ? ኧረ በስመ አብ! እኔ ከማስመሪያ ሳሙና ሌላ በምን ሠርቼ አውቃለሁ?»

«እሺ» አሉ መሪጌታ፣ ለጥያቄዋ መልስ ሳይሆን ለእጇ። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በእጇ ላይ አሳረፉት። ከባድ ነበር፣ ሙቅ ነበር። ዘመነች በየቀኑ ያጠበችው እጅ ነው፤ እሱ ይዟት ግን አያውቅም ነበር። ጨርቅ ላይ በሳሙና መስመር እንደምታሰምር ትንፋሿን ያዘች፣ ከወዲያኛው ጥግ ተነሣች፣ እብጠቱን በቀስታ ወጣች፣ ወረደች፣ ገጠመች። ጥቁሩ ሐረግ ጠባሳውን ተሻገረ። ትንሽ ወፍራም ሆነ እንጂ ተሻገረ።

«ልብስ ሰፊ ናት» አለች ሆሳዕና ቀስ ብላ። «እጇ አይስትም።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለች ዘመነች፤ ድምፅዋ ግን መርፌው ወጥቶለታል። «ስሚኝ፤ ቀንሽ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ዓርብ ወዲህ ዝር እንዳትይ። ዓርብ የኔ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ቀለሙ ሲደርቅ ዳግመኛ መቃኑ ሥር አቆሟት። ሆሳዕና ክታቡን ከነጥቧ አንሥታ ለቀቀችው። በዘመነች ፊት፣ በደረቷ፣ በጉልበቷ በኩል ወረደና መሬት ሳይደርስ ቆመ። የተጨመረው ስፌት አራት ሳንቲ በልቷል። ከቁርጭምጭሚቷ በታች ያለው ጭቃ የለበሰ እግሯ ባዶውን ቀረ።

ሆሳዕና ደነገጠች። «እትዬ፣ እግርዎ ጎደለ! ሌላ ብራና እንቀጥልበት?»

ዘመነች ጎንበስ ብላ የእግሯን ጣቶች አየቻቸው። ከፌርማታው በፊት አስወርደው በጭቃ ያስሮጧት እነሱ ናቸው።

«ተይው» አለች። «ጠባቂ አይገባቸውም። እንዲያውም ይበላቸው!»

ከወንበሩ ላይ ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። መሪጌታ እየሳቁ ነበር፤ እሷን እያዩ።